ድስት ተሸካሚዎቹ

ጊርዳርላል በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከገዛ ወጥ ቤቱ ውጭ አንዲት ጉርሻ ቀምሶ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ጀብዱ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። ሰርግ ሲጠራ ቤቱ በልቶ ይሄዳል። ሰው ምግብ ቤት ገብቶ በላ ሲባል ከሰማ አፍንጫውን ይይዛል። ምዕራብ ሕንድ፣ ራጅኮት ከተማ ያለው የጨርቅ ሱቁ ከቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ምሳው ግን በየቀኑ ትኩሱን፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ይህ ጀብዱ በማን ጉልበት እንደሚሠራ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ሙክታ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ሲሆን እሱን አግብታ ምድጃው ፊት ከቆመች አርባ አንድ ዓመት ሞልቷታል።

ኪሪት የሚባለው የጉዞ አዘጋጅ "አሥራ አንድ ቀን፣ የደቡብ ቤተ መቅደሶች፣ ወጥ ቤቱ አብሮን ይጓዛል" የሚል ወረቀት ሲበትን ጊርዳርላል ለራሱም ለሙክታም ሳያቅማማ ተመዘገበ። እኛ የሳውራሽትራ ሰዎች እንዲህ ነን። ቤታችንን ጥለን እንወጣለን፣ ሱቃችንን ቆልፈን እንሄዳለን፣ ምድጃችንን ግን ለማንም አናምንም። የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ የዱቄት ጆንያ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ጎረምሳ የሚያስተኛ ድስት ተጫነ። ናርሲ የሚባል የታወቀ የሰርግ ወጥ ሠሪ ከወንድሙ ጋር የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያም አልበቃ ብሎ እያንዳንዱ ቤተሰብ በአብሽ ቅጠል የተጋገረ ቂጣ በጣሳ በጣሳ ሞልቶ ያዘ። መንገድ ላይ ሰው ሌላ ሰው ያበሰለውን እንዳይበላ መሆኑ ነው።

ሙክታም ደስ ብሏት ነበር፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። አሥራ አንድ ቀን እሳት አላነድም፤ አሥራ አንድ ቀን ሌላ ሰው አብስሎ ያቀርብልኛል፤ እኔ እቀመጣለሁ። ይህን ሐሳብ ከተመዘገቡበት ዕለት ጀምሮ በልቧ ይዛ ስትዞር ቆይታለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ቤተ መቅደስ ገብታ ስትሰግድ እንኳ ለአማልክቱ አልነገረቻቸውም፤ እንዳይሰማባት ፈርታ።

ነገር የተበላሸው በአራተኛው ቀን፣ ማዱራይ ከተማ ላይ ነው። ሠላሳ አራቱ ተሳላሚዎች ጠዋት ቤተ መቅደስ ደርሰው ተመልሰው፣ ባረፉበት ግቢ ውስጥ በተነጠፈው ረጅም ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ናርሲ በእኛ ደንብ ጥቁር ስኳር የሚገባበትን ክክ ወጡን አወጣ። ጊርዳርላል አንድ ጊዜ ቀመሰና ሳህኑን ገፋው።

"ጣፋጩ አንሷል።"

ናርሲ ወስዶ ጥቁር ስኳር ጨምሮበት አመጣ።

"አሁን ደግሞ በዛ።"

ናርሲ አሁንም ወሰደው። ሎሚ ጨመረበት፤ አማሰለው፤ አመጣው። ጊርዳርላል በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ላሰና ጎረቤቶቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ። "የእኔ ሚስት እንዲህ ያለውን ለከብት አታቀርብም።"

ናርሲ ሠላሳ ዓመት የሰርግ ድስት ሲያማስል የኖረ ሰው ነው። ሙሽራ አልቅሶ ያውቃል እንጂ እንግዳ የእሱን ወጥ ሦስት ጊዜ መልሶ አያውቅም። ሽርጡን ፈታ፣ ቀስ ብሎ አጣጠፈው፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። "እንግዲያው ሚስትዎ ታብስልልዎ፣ ጋሼ" አለና ወንድሙን ጠቀሰው። ሁለቱም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ኪሪት እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎ ሲለምናቸው ቆየና ላብ በላብ ሆኖ ብቻውን ተመለሰ።

"ሌላ ወጥ ሠሪ ከአገራችን ከአህመዳባድ እስኪመጣልን አራት ቀን ይፈጃል" አለ፤ ስልኩን እንደያዘ።

"እስከዚያስ ምን ልንበላ ነው?" ጠየቀ አንዱ። ግቢው ውስጥ ጉድ ፈላ። ሰማይ የተደፋ ነበር የሚመስለው። አንዳንዱ አውቶቡሱ ዛሬውኑ ይመለስ አለ፤ አንዳንዱ ቂጣው ስንት ቀን ያቆያል እያለ ጣሳውን ይከፍት ጀመር። ውጭ መንገዱ ዳር ሙሉ ከተማ ቁርሱን እየበላ እንደሆነ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ጊርዳርላል ተነሣ። "ምን ያስጨንቃችኋል?" አለ ደረቱን ነፍቶ። "የኒሌሽ እናት አለች አይደል እንዴ! ለሠላሳ አራት ሰው ምን አላት? በእህቴ ሰርግ ጊዜ ለሁለት መቶ ሰው አብስላለች። እንኳን አራት ቀን እስከ መጨረሻው ትችላለች።"

ጭብጨባ ሆነ። አዎ፣ አጨበጨቡ። ሙክታ ከምንጣፉ አልተነሣችም። ኒሌሽ ልጃቸው ነው፤ ሙስካት ተቀጥሮ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። የኒሌሽ እናት መሆኗ እውነት ነው፤ የሁለት መቶ ሰው ድስትም እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን ማን እንደጠየቃት አታስታውስም፤ የጠየቃት አልነበረምና።

ሴቶቹ ከበቧት። "እኛ እንልጣለን እትዬ ሙክታ!" "እኛ እንከትፋለን! አንቺ ብቻ ቅመሙን ጣል ጣል አድርጊልን!" "አምላክ ነው እኮ አንቺን የሰጠን!" ክፋት የለባቸውም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር። ኪሪት ትልቁን ጭልፋ በሁለት እጁ አቀረበላት። እጇ ከእሷ ቀድሞ ተቀበለው።

"አያችሁ?" አለ ጊርዳርላል እየሳቀ። "እሷ ባዶ እጇን መቀመጥ አይሆንላትም። እጇን ይበላታል።"

"አይበላኝም" አለች ሙክታ።

የሰማት አልነበረም። ስለዚህ ተነሣች፤ ምንጣፉን ተሻግራ ባሏ ፊት ቆመች፤ ጭልፋውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይያዙት።"

"ምኑን ነው የምይዘው?"

"ጭልፋውን። ጣፋጩ ስንት እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ዱቄቱ እዚያ ጋ ነው፤ ዘይቱም እዚያው ነው። እኔ አላበስልም።"

ጊርዳርላል ቀልድ መስሎት ፈገግ እንዳለ ቀረ። "ምን ነካሽ? ሰው እኮ ርቦታል!"

"እኔም ርቦኛል" አለች፤ "ልበላ ነው የምሄደው።" ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ከግቢው ወጣች።

ከኋላዋ ይጠራኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጠራትም። ለካ የሚጠራበት ስም የለውም፤ አርባ አንድ ዓመት "ስሚ እንጂ" ሲላት ነው የኖረው፤ "ስሚ እንጂ" ደግሞ ጎዳና ላይ ቢጮኹት ሴቱ ሁሉ ነው የሚዞረው። ይህን ስታስብ ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቋ ጋር ንዴቷም አብሮ ወጣ። የት እንደምትሄድ አታውቅም። ሰናፍጭ በትኩስ ዘይት ሲንጣጣ ይሸታል፤ ወደ ሽታው ሄደች።

ጠባብ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። አንዲት በዕድሜ የምትበልጣት የማትመስል ወፍራም ሴት በረንዳዋ ላይ እንፋሎት የሚትጎለጎልበት ድስት ጥዳለች። ከድስቱ ውስጥ በጨርቅ ላይ የተዘረጋ ነጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ የሩዝ እንጎቻ፣ ኢድሊ የሚሉትን፣ እያወጣች የሙዝ ቅጠል ላይ ትደረድራለች። በርጩማ ሦስት ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ሙክታን አየቻት፤ የለበሰችውን ሳሪ አስተጣጠፍ አየች፤ በአካባቢው ቋንቋ አንድ ነገር አለች። ሙክታ ግራ ሲገባት በሌላ ቋንቋ ደገመችላት። የተጣመመና የቆየ ቢሆንም ሙክታ ገባት፤ የሞቱት ቅድመ አያቷ የሚናገሩ ነው የመሰላት።

"ከየት ነሽ እህቴ?"

"ከራጅኮት።"

"እሱ ደግሞ የት ነው?"

"ሳውራሽትራ ውስጥ።"

ሴትዮዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሳሮጃ እባላለሁ። የእኛም አያቶች ከዚያው ከሳውራሽትራ ነው የመጡት፤ ሐር ሠሪዎች ነበሩ፤ በእግራቸው ነው አሉ። ብዙ መቶ ዓመት ሆነው።" ሙክታን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "አንቺ እስካሁን የት ቆይተሽ ነው?"

"ምግብ ሳበስል" አለች ሙክታ።

ሳሮጃ በሆዷ ሳቀች፤ በረንዳው ተነቃነቀ። "ነይ፣ ነይ ተቀመጪ። የእናንተን ሰዎች እኮ አውቃቸዋለሁ። በየዓመቱ በዚህ ያልፋሉ፤ ድስታቸውን እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክመው። ቁልቁል ያዩኝና አፍንጫቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ድስት ተሸካሚዎች ነው የምንላችሁ፤ አትቀየሚኝ።"

"ለምን እቀየማለሁ? ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።"

ቅጠል ተነጠፈላት። ሦስት ኢድሊ፣ በዙሪያው አራት ዓይነት ማባያ፦ ነጩ የኮኮናት፣ አረንጓዴው የድንብላል ቅጠል፣ ቀዩ የበርበሬ፣ ቡናማው በሰሊጥ ዘይት የተለወሰ ደረቅ ዱቄት። ሳሮጃ ቀጭኑን የክክ ሾርባ በጭልፋ ይዛ ልታፈስ ስትል እጇን አቆመች።

"ቆይ። ይሄ ሽንኩርት አለበት። የእናንተ ሰዎች ሽንኩርት አትበሉም አይደል? ሳላስጠነቅቅ አልሰጥሽም፤ ኋላ እኔን እንዳትረግሚኝ።"

ሙክታ ጭልፋውን አየችው። ደቃቃ ቀይ ሽንኩርት፣ ሳይከተፍ እንዳለ፣ ሾርባው ውስጥ ይንሳፈፋል። የባሏ ቤት ሽንኩርት አይገባበትም፤ የእናቱ ሕግ ነው፤ ከእናቱ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ሙክታ እጅ የወረደ። የአባቷ ቤት ግን ሌላ ነበር። አባቷ ከእርሻ ሲመለስ የማሽላ ቂጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሽንኩርቱን በቡጢ ይፈረክሰውና ለሷ ልቡን፣ ጣፋጩን መሐሉን ይሰጣት ነበር። ሃያ ዓመት እስኪሞላት በልታዋለች። ካገባች ወዲህ ግን በአፏም በእጇም አልነካችውም። የተወችው አምልኮዋ ከልክሏት አልነበረም፤ ትተይዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው እንኳ አልነበረም። ሙሽራ ሆና የገባች ቀን አማቷ እጇን አሽትተው "ታጠቢ" አሏት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

"አፍሺው" አለች።

ሳሮጃ አፈሰሰችው። ሙክታ ኢድሊውን ቆርሳ፣ ሾርባው ውስጥ ነክራ፣ አንዱን ሽንኩርት አብራ ጎረሰች። ለሰለሰ፤ ኮመጠጠ፤ ቀጥሎ ሽንኩርቱ ጥርሷ ሥር ተሰበረና ጣፈጠ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐዘን ግን አይደለም፤ ንዴት ነው። አርባ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንደምትበላ፣ ምን እንደምትበላ፣ ከማን በኋላ እንደምትበላ ሌላ ሰው ሲወስንላት እሺ ብላ መኖሯ አናደዳት። ሁለተኛውን ጎረሰች።

"በሞቴ አንድ ልጨምርልሽ" አለች ሳሮጃ፤ ከላይዋ ቆማ።

ሙክታ ቀና አለች። ይህን ቃል በሕይወቷ ምን ያህል ጊዜ ብላዋለች! ቆማ፣ ጭልፋ ይዛ፣ ለተቀመጠ ሰው። እሷ ተቀምጣ፣ ሌላ ሰው ቆሞ ሲላት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። "ጨምሪልኝ" አለች፤ "ከሾርባውም።"

ሁለተኛውን ቅጠል እየጨረሰች ሳለ ጊርዳርላል ደረሰ። ኪሪት ከኋላው አለ። ከእነሱም ኋላ ሬዋ የምትባል የሰባ ዓመት ባልቴት ተሳላሚ ዱላዋን ይዛ ነገር እንዳያመልጣት ትከተላለች። ጊርዳርላል መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ በረንዳውን መርገጥ አልፈለገም።

"ተነሺ።"

"አልጨረስኩም።"

ካለበት ወደ ቅጠሉ አንገቱን አሰገገ፤ አሸተተ፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ሽንኩርት ነው!"

"አዎ፣ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛ ቅጠሌ ነው።"

"እናቴ ይህን ብታይ ኖሮ..."

"እናትዎ ነፍሳቸውን ይማርና ሞተዋል፣ የኒሌሽ አባት። እኔ አልሞትኩም።"

ሬዋ "እሰይ!" አለች፤ ወዲያው አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፈነች። ኪሪት መሬት መሬቱን አየ። ጊርዳርላል ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያለውን ትልቁን ነገር አወጣ። "እንግዲያው ስሚኝ። አንቺ ምድጃው ፊት እስክትቆሚ ድረስ እህል አልቀምስም። ጾም ይዣለሁ!"

ይህ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሰው በሰው ላይ ከጾመ የሚታየው የጿሚው ግትርነት አይደለም፤ የሌላው ጭካኔ ነው። ስንት አባት በልጁ ላይ ጾሞ ጋብቻ አፍርሷል፤ ስንት ወንድም ጾሞ መሬት አስመልሷል። ጊርዳርላልም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ወደ ግቢው ተመለሰ፤ ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ምንጣፍ አስነጠፈና ተጋደመ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሙክታ ባል ገዳይ ሆነች። ወንዶቹ ባጠገቧ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሴቶቹ በተራ እየመጡ እግሯ ሥር ይቀመጣሉ። "በቃ፣ አሸነፍሽ፤ አሁን አንዲት ወጥ ብቻ ሥሪለት።" "ሸምግሏል እኮ፤ አንድ ነገር ቢሆን እንዴት ትኖሪያለሽ?" አንዷ አለቀሰች። ለሙክታም ቢሆን ያገባችው ሰው ነው። ክፉ እጅ አንሥቶባት አያውቅም፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስዷታል፤ ያን ቀን ምሳውን ማን እንደሚሠራለት እየጠየቃት ቢሆንም ወስዷታል። እንዲሞትባት አትፈልግም። ተነሥታ አንዲት ወጥ ጣድ ብታደርግ ሁሉም እፎይ ይላል፤ እሷም ደግ ሴት ትባላለች፤ የቀሩት ሰባት ቀኖችም ያልቃሉ። የቀሩት ሰባት ቀኖች ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት! ዛሬ ከተነሣች ግን ሞታ እስክትቃጠል ድረስ እንደማትቀመጥ ታውቀዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳሮጃ በረንዳ ስትወጣ ሬዋ ዱላዋን ይዛ ተነሣች። "እኔን ደግሞ ማን ይጾምብኛል? ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ!" አለችና አብራት ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ስድስት ሆኑ። ሽንኩርት ለማይበሉት ሳሮጃ ሌላ ድስት ለብቻ ጣደችላቸው፤ "አማልክቶቻችሁን አላጣላም" እያለች። በርጩማው ስላልበቃ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ቅጠላቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ኪሪት እንኳ መጣ፤ ግራ ቀኙን እንደ ሌባ አይቶ አምስት ኢድሊ ዋጠና "እንዳትነግሩብኝ" አለ። ሙክታም አንድ ጥግ ላይ ሆና ሳሮጃን "ሊጡን ስንት ሰዓት ታቦኪዋለሽ?" ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ማወቅ አያስፈልጋትም። መብላት በቂ ነው።

ከዚያ ስትመለስ ማበጠሪያዋን ለመውሰድ ክፍላቸው ገባች። ሻንጣው ውስጥ የቂጣው ጣሳ ክዳኑ በቅጡ አልገጠመም። ከራጅኮት ስትነሣ አርባ ቂጣ ጋግራ ሞልታው ነበር። ከፈተችው፤ ሥሩ ላይ ሦስት ቀርቷል። የማንጎው ማባያ ዕቃም ተልሷል። ሙክታ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን አሳዘናት፤ አንድ ሽማግሌ በር ዘግቶ፣ ፍርፋሪ እየጠረገ፣ የገዛ ሚስቱ የጋገረችውን ሰርቆ ሲበላ ታያት። ጣሳውን ይዛ ግቢ ብትወጣ በአንድ አፍታ የሠላሳ አራት ሰው መሳቂያ ይሆን ነበር። ክዳኑን ገጠመችው፤ ሳሪዎቿን ከላይ አደረገችበት። ልታሸንፈው ነው የፈለገችው እንጂ ልታዋርደው አይደለም። ልዩነቱን እሱ ባያውቀውም እሷ ታውቀዋለች።

እኩለ ቀን ላይ ኪሪት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ቀጣዩ ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ራሜሽዋራም መሄድ አለበት፤ ጿሚ ጭኖ ደግሞ መሄድ አይቻልም። "አፈር ስሆን፣ እትዬ ሙክታ" አለ፤ "አፈር ስሆን፣ ጋሼ። ወይ እሳቸው ይብሉ፣ ወይ እርስዎ ያብስሉ።"

"እሳቸው ይብሉ" አለች ሙክታ። "የከለከላቸው የለም።"

ጊርዳርላል ከምንጣፉ ተነሣ። ለሁለት ቀን ጿሚ በጣም በፍጥነት ነው የተነሣው፤ ይህን ከሙክታ በቀር ያስተዋለ የለም። "በቃ!" አለ። "ዛሬውኑ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ምረጪ። ወይ አሁን ተነሥተሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ወይ እዚሁ ከዚህች ሽንኩርት ሻጭ ጋር ትቀሪያለሽ። ከቀረሽ ግን አንድ ነገር ዕወቂ።" ጣቱን ቀሰረባት። "ከእንግዲህ ወጥ ቤቴን አትረግጪም!"

ከዚያ ሬዋ "ወይ ጉድ!" አለች። "ይሄ እርግማን ነው ምርቃት?" አንዷ ሳቋን አፈነች፤ ሌላዋ ማፈን አቃታት፤ በቅጽበት ሴቶቹ በሙሉ፣ ትናንት ያለቀሰችው ሳትቀር፣ ተደጋግፈው ይስቁ ጀመር። ወንዶቹም ከጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። ጊርዳርላል ምን እንደተናገረ የገባው በዚያ ሳቅ መሐል ነው።

ሙክታ አልሳቀችም። ወደ እሱ ቀርባ "ቃል ነው?" አለችው።

ሰው ሁሉ ያያል። ጊርዳርላል ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም፤ ኩራቱ እግር ተወርች አስሮታል። "ቃል ነው!" አለ።

"እሺ" አለች። "ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

ባቡር ጣቢያ የሸኙት ሙክታና ኪሪት ናቸው። ሻንጣውን ራሷ ነች ያዘጋጀችለት፤ ልብሱን አጣጥፋ፣ መድኃኒቱን ከላይ አድርጋ፣ ከቂጣው ጣሳ ጋር። ኪሪት ወንበሩን ፈልጎ አስቀመጠው። ጊርዳርላል በመስኮቱ ብረት በኩል ወደ ውጭ አየ። የባቡር ጣቢያው ሻጮች በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ምግብ ቅርጫት ሙሉ ተሸክመው በመስኮቶቹ ሥር እየጮኹ ያልፋሉ። የተቀረው ተሳፋሪ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይገዛል። እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጓል።

"ሁለት ቀን ነው መንገዱ" አለ፤ ቁጣው ከድምፁ ወጥቷል።

"አዎ፤ ሁለት ቀን።"

"ጣሳው ውስጥ ሦስት ነው የቀረው።"

"አውቃለሁ" አለች ሙክታ።

ቀና ብሎ አያት። ማወቋን፣ አውቃም ዝም ማለቷን ተረዳ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ቤቱን አሰበ መሰለኝ፤ ባዶውን ቤት፣ የማይጨሰውን ምድጃ፣ ምሳ የማይመጣበትን ሱቅ። "ቤትም ሰው የለም።"

"የለም።"

ባቡሩ ጮኸ። ጊርዳርላል ብረቱን ያዘ። "ምን ልበላ ነው?" አላት።

አርባ አንድ ዓመት "ምን ሠራሽ?" ሲላት ኖሯል። ይህን ግን ጠይቋት አያውቅም፤ ራሱንም ጠይቆ አያውቅም። ሽማግሌው ከልቡ እንዳላወቀ፣ ከልቡም እንደፈራ ከፊቱ ላይ አየች። አዘነችለት፤ በጣም አዘነችለት። እጇ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ወደ ሳሪዋ ጫፍ ሄደ፤ እዚያ የተቋጠረው ገንዘብ ካለፈው ሻጭ አንድ ጥቅል ገዝቶ በመስኮቱ ለማቀበል ይበቃል። እጇን በሌላው እጇ ያዘችው።

"ሲርብዎት ይጠይቁ" አለችው።

"ማንን?"

"ያበሰለውን ሰው። ምን አለ? ብለው ይጠይቁት። ያለውን ይነግርዎታል። ከዚያ ይቀመጡና ይብሉ፤ ሦስት ጊዜ ሳይመልሱ።"

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሙክታ ጅራቱ እስኪጠፋ አልቆመችም። ጀርባዋን ሰጥታ ሰዉን እየገፋች ወደ መውጫው ሄደች፤ ኪሪት ሊደርስባት ሮጠ። ፊቷ እርጥብ ነበር፤ በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

"ኪሪት" አለችው ሳትዞር፣ "ራሜሽዋራም ሰዎቹ ቁርስ የሚበሉት ምንድን ነው?"